በአንጎል ሽፋን ሥር ለሚጠራቀም ደም በደም ሥር በኩል የሚሰጥ ሕክምና፦ ለጉለሌ ክፍለ ከተማ ተገልጋዮች

በአንጎልና በውጪው ሽፋኑ መካከል ደም ቀስ በቀስ ተጠራቅሞ አንጎልን ሲጫን የሚከሰተው ሕመም በሕክምና አጠራሩ ክሮኒክ ሰብዱራል ሄማቶማ ይባላል። ሕመሙ በብዛት የሚታየው በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ሲሆን፣ መነሻው ብዙ ጊዜ ቀላል የሚመስል የጭንቅላት ምት ነው። ምልክቶቹ የሚታዩት ምቱ ከደረሰ ከሳምንታት በኋላ በመሆኑ ቤተሰብ ሁለቱን ሳያገናኝ ይቀራል። የመርሳት፣ የመፍዘዝና የመንገዳገድ ምልክቶችም «እርጅና ነው» ተብለው ይታለፋሉ። ይሁን እንጂ በጊዜ ከተደረሰበት ይህ ሕመም የሚታከም ሲሆን፣ ብዙ ታካሚዎችም ወደ ቀድሞ ኑሯቸው ይመለሳሉ።

የተጠራቀመውን ደም በቀዶ ሕክምና ማስወጣት ዋናው ሕክምና ሆኖ ቆይቷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ራስ ቅልን ሳይከፍቱ፣ በደም ሥር ውስጥ በሚያልፍ ቀጭን ቱቦ አማካኝነት የደሙን ምንጭ የሚዘጋ ሕክምና በዓለም ላይ እየተስፋፋ መጥቷል። ይህ ጽሑፍ የአዲሱን ሕክምና ምንነት፣ ጥቅሙንና ገደቡን፣ እንዲሁም የጉለሌ ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች አገልግሎት ለማግኘት ሊከተሉት የሚገባውን ቅደም ተከተል ያስረዳል።

ሕመሙ እንዴት ይፈጠራል?

አንጎል በሦስት ሽፋኖች የተከበበ ነው። ከራስ ቅል ጋር የሚያያዘው ወፍራሙ የውጪ ሽፋን ዱራ ማተር ይባላል። ከአንጎል ተነሥተው ወደዚህ ሽፋን የሚሻገሩ ቀጫጭን ደም መልሶች አሉ። ዕድሜ ሲገፋ የአንጎል መጠን በጥቂቱ ስለሚቀንስ እነዚህ ደም መልሶች ይወጠራሉ። በዚህ ጊዜ በወጣት ላይ ጉዳት የማያደርስ መጠነኛ ምት ወይም መንገጫገጭ ሊበጥሳቸው ይችላል።

መጀመሪያ የሚፈሰው ደም ጥቂት በመሆኑ ታካሚው ምንም ላይሰማው ይችላል። ሰውነት ግን ያንን ደም እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ በዙሪያው ስስ ሽፋን ያበጃል። በዚህ ሽፋን ላይ አዳዲስ የደም ሥሮች ይበቅላሉ፤ እነዚህም ደካማና በቀላሉ የሚያፈሱ ናቸው። በመሆኑም የቆየው ደም እየቀጠነ ወደ ፈሳሽነት ሲለወጥ፣ በላዩ ላይ ጥቂት በጥቂት አዲስ ደም ይጨመርበታል። ክምችቱ ሳምንታትን ቆጥሮ የሚያድገውና አንዳንዴም በቀዶ ሕክምና ከተወገደ በኋላ ተመልሶ የሚመጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

እነዚህን አዳዲስ የደም ሥሮች በዋናነት የሚመግበው ሚድል ሜኒንጂያል አርተሪ የሚባለው፣ ከራስ ቅል በስተውስጥ የሚያልፍና የአንጎልን ሽፋን ደም የሚያጠጣ ደም ቅዳ ነው። የአዲሱ ሕክምና ዒላማም ይኸው ደም ቅዳ ነው።

ይበልጥ የተጋለጡት እነማን ናቸው?

- ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች፤
- እንደ ዋርፋሪን፣ አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል ያሉ የደም መርጋትን የሚከላከሉ መድኃኒቶችን የሚወስዱ የልብና የስትሮክ ታካሚዎች፤
- አልኮል አዘውትረው የሚጠጡ ሰዎች፤
- በኩላሊት ሕመም ምክንያት የዲያሊሲስ ሕክምና የሚከታተሉ ሰዎች፤
- በተደጋጋሚ የሚወድቁ ወይም የሚጥል ሕመም ያለባቸው ሰዎች።

ጉለሌ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የተዘረጋ ክፍለ ከተማ በመሆኑ ብዙ መንደሮቹ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባቸው ናቸው። በክረምት የሚያዳልጥ የድንጋይ መንገድ፣ ዝቅ ያለ የበር ጉበን፣ መደገፊያ የሌለው ደረጃና ማታ መብራት የማይደርስበት መተላለፊያ ለአረጋውያን የመውደቅ ምክንያት ይሆናሉ። ከእንጦጦ ደን እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችም ለመውደቅ ከሚጋለጡት መካከል ናቸው። ከዚህ ዓይነት አደጋ በኋላ ደም ባይፈስም፣ ራስን መሳት ባይኖርም፣ ሰውየው ተነሥቶ ወደ ሥራው ቢመለስም፣ ቀኑን ማስታወስና በቀጣዮቹ ሁለትና ሦስት ወራት ለውጥ መኖር አለመኖሩን መከታተል ያስፈልጋል።

ቤተሰብ ሊያስተውላቸው የሚገቡ ምልክቶች

በአብዛኛው ሕመሙን ቀድሞ የሚያየው ታካሚው ሳይሆን አብሮት የሚኖረው ሰው ነው። የሚከተሉት ምልክቶች በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ከታዩ ታካሚውን ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ይገባል፦

- ቀስ በቀስ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፤
- አዲስ የመጣ የመርሳት ችግር፣ ሰውን ወይም ቦታን መሳት፣ የጠባይ መለወጥ፤
- እንቅልፍ መብዛት፣ መፍዘዝ፣ ለጥያቄ ዘግይቶ መመለስ፤
- አካሄድ መዘግየት፣ መንገዳገድ፣ በተደጋጋሚ መውደቅ፤
- የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መድከም፣ የንግግር መተሳሰር፤
- ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል።

እርጅና የሚያመጣው የማስታወስ ድካም የሚታየው በዓመታት ውስጥ ነው። ባለፈው ወር ገበያ ወጥቶ ሒሳቡን አስተካክሎ ይመለስ የነበረ ሰው በዚህ ወር የቤቱን በር ከሳተ፣ ይህ ለውጥ በዕድሜ ብቻ የሚገለጽ አይደለም።

ታካሚው ከእንቅልፉ አልነቃ ካለ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ በተደጋጋሚ ካስመለሰው፣ በድንገት አንድ ጎኑ ከዛለ ወይም አንደበቱ ከተያዘ ግን ጉዳዩ ድንገተኛ በመሆኑ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት።

በድንገት እንደ መብረቅ የሚመታ፣ ከዚህ ቀደም ያልታየ ከባድ ራስ ምታት ደግሞ የሌላ ዓይነት የደም መፍሰስ ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህም በአንጎል ሥር ያለ ያበጠ ደም ቅዳ ሲፈነዳ የሚከሰተው ሰብአራክኖይድ ሄመሬጅ ሲሆን፣ በሰዓታት ውስጥ ሕክምና የሚያስፈልገው ነው። በዚህም ሕመም በደም ሥር በኩል ገብቶ ያበጠውን ቦታ በቀጭን የብረት ጥቅል የመድፈን ሕክምና አለ። ሁለቱ ሕመሞች የተለያዩ ስለሆኑ የአንዱ ሕክምና ለሌላው አይውልም።

ሕመሙ እንዴት ይታወቃል?

ሕመሙን የሚያረጋግጠው የጭንቅላት ሲቲ ስካን ምርመራ ነው። ምርመራው ሕመም የሌለውና ደቂቃዎችን ብቻ የሚወስድ ሲሆን፣ የደሙን መጠን፣ የቆየበትን ጊዜና በአንጎል ላይ ያሳደረውን ጫና ያሳያል። ታካሚው ወይም ቤተሰቡ ስለ መውደቁ፣ ስለሚወስዳቸው መድኃኒቶችና ለውጡ ስለ ጀመረበት ጊዜ የሚሰጡት መረጃ ሐኪሙ ምርመራውን በቶሎ እንዲያዝ ይረዳዋል።

ዋናው ሕክምና

ክምችቱ ትንሽ ከሆነና ምልክት ካላሳየ ሐኪሙ በሲቲ ስካን እየተከታተለ ሊጠብቅ ይችላል። ክምችቱ አንጎልን ከተጫነና ምልክት ካሳየ ግን የተለመደው ሕክምና ራስ ቅል ላይ አንድ ወይም ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎችን በመብሳት ደሙን ማስወጣትና ቦታውን ማጠብ ነው። ብዙውን ጊዜ ቀሪው ፈሳሽ እንዲወጣ ቀጭን ቱቦ ለሁለት ቀን ያህል ይተዋል። የቱቦው ጥቅም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ አገር በ215 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይፋ ሲሆን፣ ቱቦ ከተተወላቸው ታካሚዎች መካከል ደሙ ተመልሶ እንደገና ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው 9.3 በመቶ ሲሆኑ፣ ቱቦ ካልተተወላቸው ግን 24 በመቶ ነበሩ።

ይህ ቀዶ ሕክምና የተጫነውን አንጎል ወዲያውኑ ያሳርፋል። ብዙ ታካሚዎችም በቀናት ውስጥ መናገርና መራመድ ይጀምራሉ። በኢትዮጵያ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ከተጀመረ ወዲህ የባለሙያዎቹ ቁጥር እያደገ መጥቷል።

በደም ሥር በኩል የሚሰጠው ሕክምና

ሕክምናው ኢምቦላይዜሽን ይባላል። ትርጉሙም የተመረጠን ደም ቅዳ ከውስጥ መድፈን ማለት ነው። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦

1. ታካሚው እንደ ሁኔታው ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዝ ወይም ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል።
2. ባለሙያው በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ ላይ ባለ ደም ቅዳ በኩል ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ ያስገባል።
3. በኤክስሬይ ምስል እየታገዘ ቱቦውን በአንገት በኩል አሳልፎ ወደ ሚድል ሜኒንጂያል አርተሪ ያደርሰዋል። የደም ሥሮቹ በምስሉ ላይ እንዲታዩ ኮንትራስት የሚባል ፈሳሽ ይሰጣል።
4. ወደ ዓይን ወይም ወደ ፊት ነርቭ የሚሄድ ቅርንጫፍ አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ደም ቅዳውን ደቃቅ ቅንጣቶች ባሉት ወይም በሚረጋ ፈሳሽ ይደፍነዋል።
5. ቱቦው ይወጣል፤ የገባበት ቦታም ደም እንዳይፈስ ተጭኖ ይታሰራል።

በዚህ መንገድ በክምችቱ ዙሪያ የበቀሉት ደካማ የደም ሥሮች ምግባቸውን ያጣሉ፤ አዲስ ደም መጨመሩ ይቆማል። የቀረውንም ደም ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ይመጠዋል። ይህ ግን ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይወስዳል።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ በሆነውና ኢምቦላይዝ በተባለው ጥናት ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው 400 ታካሚዎች በሁለት ተከፍለው ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በተጨማሪ ደም ቅዳቸው ከተዘጋላቸው መካከል በ90 ቀናት ውስጥ ዳግም ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው 4.1 በመቶ ሲሆኑ፣ ቀዶ ሕክምና ብቻ ካገኙት ግን 11.3 በመቶ ነበሩ። በዚያው ዓመት በቻይና በ722 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ያሳየው ልዩነት ግን አነስተኛ ነበር፤ 6.7 በመቶ ከ9.9 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም ለማለት የሚያስችል አልሆነም።

ከዚህ የሚወሰደው መልእክት ግልጽ ነው። ኢምቦላይዜሽን ደሙ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉን ሊቀንስ የሚችል ተጨማሪ ሕክምና ነው። አንጎልን አሁን እየተጫነ ያለውን ደም ግን ወዲያውኑ አያስወጣም። ስለዚህ የመድከም፣ የመፍዘዝ ወይም የንግግር መያዝ ምልክት የታየበት ታካሚ በቅርብ የሚገኘውን ቀዶ ሕክምና ትቶ አዲሱን ሕክምና እየጠበቀ ወይም ፍለጋ ሌላ አገር ለመሄድ እየተዘጋጀ ጊዜ ሊያባክን አይገባም።

ለማን ይታሰባል?

ሕክምናውን የሚወስኑት የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪምና የደም ሥር ሕክምና ባለሙያ በጋራ ነው። በአብዛኛው የሚታሰበው፦

- ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደሙ ተመልሶ ለመጣባቸው፤
- የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ማቆም ለማይችሉ፤
- በልብ፣ በሳንባ ወይም በሌላ ሕመም ምክንያት ቀዶ ሕክምና አደገኛ ለሚሆንባቸው፤
- ክምችታቸው ቀላል ምልክት ብቻ ላሳየና በቅርብ ክትትል ላይ ላሉ ታካሚዎች ነው።

ሕክምናው የአንጂዮግራፊ መሣሪያ፣ ልዩ ቱቦዎችና በዘርፉ የሠለጠነ ባለሙያ የሚጠይቅ በመሆኑ በሁሉም ሆስፒታል አይሰጥም። ታካሚው ሕክምናው የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑንና የት ሊያገኘው እንደሚችል የሚገልጽለት የሚከታተለው ስፔሻሊስት ሐኪም ነው።

ሊከሰቱ የሚችሉ ጉዳቶች

እንደማንኛውም ሕክምና ኢምቦላይዜሽንም ከጉዳት ነጻ አይደለም። ቱቦው የገባበት ቦታ ሊደማ ወይም ሊያብጥ፣ ኮንትራስቱ አለርጂ ሊያስነሣ ወይም የደከመ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ጥቂት በሆኑ ሁኔታዎች የሚደፍነው ንጥረ ነገር ወደ ሌላ ደም ቅዳ አልፎ ስትሮክ፣ የዓይን ብርሃን መጥፋት ወይም የፊት መጣመም ሊያስከትል ይችላል። ታካሚው የኩላሊት ሕመም ወይም አለርጂ ካለበት አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት።

መድኃኒትን በሚመለከት የሚደረግ ጥንቃቄ

ዋርፋሪን፣ አስፒሪንና መሰል መድኃኒቶችን ማቆምም ሆነ መቀጠል የሐኪም ውሳኔ ነው። በሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ የሚኖር ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ቢያቆም ሌላ አደጋ ላይ ይወድቃል። ዴክሳሜታዞን የተባለውን መድኃኒት ለዚህ ሕመም ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መውሰድም ተገቢ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ አገር ይፋ የሆነ ሰፊ ጥናት መድኃኒቱን የወሰዱት ታካሚዎች ካልወሰዱት ያነሰ የማገገም ውጤት እንዳሳዩ አመልክቷል።

ጠበል የሚከታተል ታካሚ በሐኪም የታዘዘለትን ምርመራና መድኃኒት ሳያቋርጥ እምነቱን መፈጸም ይችላል። ሆኖም ምልክቱ የታየበት ሰው ጠበል ቦታ ለሳምንታት ከመቆየቱ በፊት ሲቲ ስካን መነሣት ይኖርበታል።

የጉለሌ ነዋሪዎች አገልግሎቱን እንዴት ያገኛሉ?

*ድንገተኛ ምልክት ሲኖር።* ወደ ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ መስመር 907 ወይም ወደ አዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን መስመር 939 መደወል ይቻላል። በክፍለ ከተማው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅና የቅዱስ ጴጥሮስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛሉ። ለድንገተኛ ታካሚ ሪፈር ወረቀት አይጠበቅም፤ ሕይወት አድን እርዳታም ከክፍያ ጉዳይ በፊት የሚቀድም ነው። አምቡላንስ እስኪደርስ ታካሚውን በጎኑ ማስተኛትና የሚበላም ሆነ የሚጠጣ ነገር አለመስጠት ያስፈልጋል።

*ምልክቱ ቀስ በቀስ የመጣ ሲሆን።* በመጀመሪያ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ጤና ጣቢያው ታካሚውን መርምሮ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሥር የሚተዳደረው የአዲስ አበባ የቃጠሎ፣ ድንገተኛና አደጋ ሆስፒታል (አቤት) እንዲሁም ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይህን አገልግሎት ከሚሰጡት መካከል ናቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ቅደም ተከተሉን ጠብቀው ሪፈር መያዛቸው የመድን ሽፋናቸውን ለመጠቀም ያስፈልጋቸዋል።

ወደ ሆስፒታል ሲኬድ የሚያዙ ነገሮች፦

- የሪፈር ወረቀትና መታወቂያ፤
- የጤና መድን አባልነት ካርድ፣ ካለ፤
- የሚወሰዱ መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው፤
- ከዚህ ቀደም የተነሡ የሲቲ ስካን ፊልሞችና ውጤቶች፤
- የታካሚውን የቀድሞ ሁኔታና የወደቀበትን ጊዜ የሚያውቅ የቤተሰብ አባል።

ስፔሻሊስቱን መጠየቅ የሚገባቸው ጥያቄዎች፦ ደሙ አሁኑኑ መውጣት አለበት ወይስ ክትትል ይበቃል? ደሙ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ምን ያህል ነው? ኢምቦላይዜሽን ለዚህ ታካሚ ይጠቅማል? የደም መርጋት መከላከያው መድኃኒት መቼ ይቆማል፣ መቼስ ይጀመራል? ቀጣዩ ሲቲ ስካን መቼ ነው?

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ

በብሽሽት በኩል ሕክምናው የተሰጠው ታካሚ ለተወሰኑ ሰዓታት እግሩን ዘርግቶ ይተኛል፤ ለቀናትም ከባድ ነገር አያነሣም። የቀጠሮ ቀንን ማክበር ግዴታ ነው፤ ምክንያቱም ደሙ በእርግጥ እየቀነሰ መሆኑ የሚታወቀው በክትትል ምስል ብቻ ነው። ራስ ምታቱ ከተመለሰ፣ መፍዘዝ ወይም የጎን መድከም ከታየ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ካመነጨ ቀጠሮው እስኪደርስ ሳይጠበቅ መመለስ ያስፈልጋል።

መውደቅን መከላከል

አረጋውያን በሚኖሩበት ቤት ከመኝታ እስከ መጸዳጃ ቤት ባለው መንገድ መብራት ማድረግ፣ ደረጃ ላይ መደገፊያ ማበጀት፣ የሚያንሸራትት ምንጣፍ ማንሣት፣ የማያዳልጥ ጫማና ከዘራ ማዘጋጀት ይጠቅማል። የዓይን ምርመራ ማድረግ፣ የደም ግፊትን መከታተልና አልኮል መቀነስም የመውደቅን አጋጣሚ ያሳንሳል። ሞተር ብስክሌት የሚያሽከረክሩና በግንባታ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎች ደግሞ ሁልጊዜ የራስ መከላከያ ቆብ ማድረግ አለባቸው።

ማስታወሻ

ይህ መረጃ የሐኪምን ምክር አይተካም። አንድ አዛውንት ወይም አሮጊት ከወደቁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ጠባያቸው፣ አካሄዳቸው ወይም ንግግራቸው ከተለወጠ ቤተሰብ የወደቁበትን ቀን ጠቅሶ ለጤና ባለሙያ ያስረዳ። ያች አንዲት መረጃ እርጅና የተባለውን ሁሉ ወደሚታከም ሕመም ልትለውጠው ትችላለች።